ትርፏ «ድ»
የጉና ብርድ ጣት በሚያደነዝዝበት ጠዋት ደብረ ታቦር ከሚገኝ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ የያዘ ሰው፣ ከፊቱ የሚተየበው የሥራ ልምድ ማስረጃ አናት ላይ «ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርንድ» የሚል ቢያነብ አይገረም፤ አዲስ አበባም ያው ነው። ያቺ መጨረሻ ላይ የተለጠፈች «ድ» ትርፍ ናት። «ሜይ»ን የሚከተል ግስ ጅራት አያበቅልም፤ «ኮንሰርን» ብሎ እዚያው ያበቃል። ስሕተቱ የሚመጣው ቃሉን በጭንቀት ትርጉሙ ስለለመድነው ይመስለኛል፤ «አይ አም ኮንሰርንድ» ማለት «አሳስቦኛል» ነዋ! እዚህ ግን ፍቺው «ይመለከታል» ነው፤ «ኢት» ደግሞ ጉዳዩ ራሱ። የቢሮ አማርኛችን «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ በሁለት ቃል ገላግሎታል፤ ከእንግሊዝኛውም ሳይሻል አይቀርም። እኔን የበለጠ የሚያናድደኝ ግን ከሰዋስው ይልቅ የቦታው ነገር ነው። ሐረጉ የሚያስፈልገው ማን እጅ እንደሚገባ አስቀድሞ ለማይታወቅ ደብዳቤ ነው። የተቀባዩ ስም ከነማዕረጉ እየታወቀ በዚህ መክፈት፣ የጎረቤትን ስም እያወቁ ደጁ ላይ ቆሞ «እዚህ ቤት ያላችሁ!» እያሉ እንደ መጣራት ነው። እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች መድፍ ያሠሩት አፄ ቴዎድሮስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862 ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ሲልኩ በቀጥታ ለንግሥት ቪክቶሪያ ነው የጻፉት። ያ ደብዳቤ በወቅቱ መልስ አጥቶ መቅረቱ የአድራሻው ጥፋት አልነበረም።