ጋምቤላ፦ «ግጭት» ሲባል ገዳዩ የት ሄደ?

ጋምቤላ ላይ ሰው ሲገደል የእንግሊዝኛው ዜና «ክላሽ» ይለዋል፤ ጠመንጃውን ማለቴ አይደለም። እኛም «ግጭት» ብለን ተርጉመን እናልፋለን። ቃሉ ሟች እንጂ ገዳይ የለውም። ኢኮኖሚክስ ስላጠናሁ መሰለኝ፣ ከፋዩ ያልተጻፈበት ወጪ ሳይ እጠራጠራለሁ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የጀመረውን የአኙዋኮች ግድያ ባለሥልጣናት የብሔረሰቦች ግጭት አድርገው አቀረቡት። ሂዩማን ራይትስ ዎች ግን በ1997 ባወጣው ሪፖርት፣ ወታደሮች የፈጸሙት በደል በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሊባል እንደሚችል ጻፈ። ልዩነቱ የመዝገበ ቃላት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 28 እንዲህ ያለው ወንጀል በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትም አይታለፍም ይላል። «ግጭት» የተባለ ነገር ግን ሽማግሌ ተቀምጦ፣ በሬ ታርዶ ይዘጋል።

አማርኛችንም ንጹህ አይደለም። «እርምጃ ተወሰደበት» ሲባል ሰውየው መሞቱ ለማንም ይገባል። «ሜዠር» ተብሎ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ግን የስብሰባ ውሳኔ ይመስላል!

ሰኔ 7 ቀን 2014 ታጣቂዎች ጋምቤላ ከተማን ካጠቁ በኋላ የሆነውን ኢሰመኮ መርምሯል። የክልሉ የጸጥታ ኃይሎች ቢያንስ 50 ሲቪሎችን መግደላቸውን አስፍሯል። ገዳይም ተገዳይም ያለው ዓረፍተ ነገር ማለት ይኸው ነው። ቀጣዩን የጋምቤላ ዜና ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ማን ማንን እንደገደለ ይናገር እንደሆነ እዩልኝ፤ ካልተናገረ ኮሜንቱ ላይ ጠይቁ።