ቢላል በኮምፒውተር፣ አብረሃ በእርሳስ

የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን የነበረው የቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ) ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2015 ዱባይ ውስጥ በአኒሜሽን ፊልም ለእይታ በቃ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ካዕባን ሊያፈርስ ዝሆን አሰልፎ ወደ መካ የዘመተው የአብረሃ ታሪክ በሳዑዲ ዓረቢያና በጃፓን ባለሙያዎች ትብብር «ጉዞው» በሚል ርዕስ በሌላ የአኒሜሽን ፊልም ታየ። ሁለቱም ፊልሞች መድረካቸው መካ ናት። በሁለቱም ውስጥ የዘር ሐረጉ ከሐበሻ ምድር የሚመዘዝ ሰው አለ፤ አንዱ የእምነት ጀግና፣ ሌላው ወራሪ። አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። ቢላል ከጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀረጸ ሲሆን፣ አብረሃና ከእርሱ ጋር የሚፋለሙት የመካ ሰዎች ደግሞ በጃፓኖቹ የቆየ ልማድ መሠረት በመስመር የተነደፉ ናቸው።

ይህ ልዩነት ለተመልካቹ የጣዕም፣ ለባለሙያው የመሣሪያ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከበስተጀርባው ግን ከሩብ ክፍለ ዘመን በላይ ያስቆጠረ ክርክር አለ፦ በእጅ የሚሣለው ካርቱን ዘመኑ አልፎበት ሞተ ወይስ በነጋዴዎች ውሳኔ ተገደለ? ወደ ሙያው ዘግይቶ ለደረሰው ለዚህ ክልል ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ያልኖርንበትን ዘመን ሐዘን ልንቀመጥ ይገባል ወይ?

የቀድሞውን አሠራር ለማያውቅ ሰው የጠፋውን ነገር መጠን መገመት ያዳግተዋል። ፊልም በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ምስሎችን ያሳያል። የ90 ደቂቃ ፊልም ማለት 129,600 ምስል ማለት ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል እየተጠቀሙ ቢያብቃቁት እንኳ 64,800 ሥዕል ያስፈልጋል፤ በአንድ ትዕይንት ሁለት ሦስት ሰዎች ካሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳቸው ለብቻ ይሣላሉ። ዋናው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን ቁልፍ ቦታዎች ይነድፋል፤ ረዳቶቹ ከሥር ብርሃን በበራበት ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው በመካከል ያለውን ይሞላሉ፤ ሌሎች መስመሩን ያጠራሉ። ከዚያ ሥዕሉ ወደ ግልጽ የፕላስቲክ ሉህ ይገለበጣል፣ ከጀርባው ቀለም ይቀባል፣ በመልክዓ ምድሩ ሥዕል ላይ ተነጥፎ አንድ በአንድ በካሜራ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የዋልት ዲዝኒ «ስኖው ኋይት» የተሠራው እንዲህ ነው።

ዲዝኒ የዘርፉ አባት ተደርጎ ስለሚቆጠር ከእርሱ በፊት የነበረው ይዘነጋል። ዛሬ ድረስ ከተረፉት ረጃጅም የአኒሜሽን ፊልሞች ሁሉ ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1926 ጀርመን ውስጥ ሎተ ራይኒገር የተባለች ሴት ከጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች የሠራችው «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች» ነው። ታሪኩ የተቀዳውም ከሺህ አንድ ሌሊቶች፣ ማለትም ከዚሁ ክልል ተረት ነው። ካይሮ ውስጥ ደግሞ የፍሬንከል ወንድማማቾች በ1936 «ሚሽሚሽ አፈንዲ» የተሰኘውን ባለ ታርቡሽ ገጸ ባሕርይ በእጃቸው ሥለው ለግብፅ ተመልካች አቅርበዋል። ክልሉ በሥዕል ካርቱን ፈጽሞ ባዶ አልነበረም ማለት ነው፤ ጅምሩ ግን ወደ ኢንዱስትሪ አላደገም።

ኮምፒውተሩ ወደዚህ ሙያ የገባው በዋናው በር አይደለም። በ1990 የወጣው የዲዝኒ «ዘ ሬስኪወርስ ዳውን አንደር» የተሰኘ ፊልም ሥዕሎቹ በእጅ የተሣሉ ሆነው ቀለማቸው ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተቀባ ነበር። በዚህም ፕላስቲኩን ሲቀቡ የኖሩት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ሥራቸው አበቃ። ያኔ ብዙም ያለቀሰ የለም። መስመሩ አሁንም የሠዓሊው ነበርና የተነካው የበታቾቹ ክፍል ብቻ መስሎ ታየ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1995፣ ፒክሳር «ቶይ ስቶሪ»ን አወጣ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። ወጪው 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ገቢው ከአሥር እጥፍ በላይ ሆነ።

በኮምፒውተሩ አሠራር ገጸ ባሕርይው አንድ ጊዜ እንደ ሐውልት ይቀረጻል፤ አጥንትና መገጣጠሚያ ይበጅለታል፤ ቆዳና ልብስ ይለብሳል፤ ብርሃን ይተከልለታል። ፊቱን ቢያዞር እንደ አዲስ የሚሥለው የለም፤ ማሽኑ ከሌላ ማዕዘን ያሳየዋል። ለሚቀጥለውም ፊልም ያው አካል ከመጋዘን ይወጣል። የነጋዴውን ልብ የማረከው ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው በፍጥነት ሆነ። በ2002 ዲዝኒ 140 ሚሊዮን ዶላር ያፈሰሰበት «ትሬዠር ፕላኔት» 110 ሚሊዮን ገደማ ብቻ አስገብቶ ከሰረ። በተከታዩ ዓመት ድሪምወርክስ ያወጣው «ሲንባድ» (እርሱም ከዚሁ ክልል ተረት ስሙን የተዋሰ) ወደቀ፤ ኩባንያውም በእጅ የሚሣለውን ሥራ እርግፍ አድርጎ ተወው። በዚያው 2003 የፒክሳር «ፋይንዲንግ ኒሞ» ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በጥር 2004 ዲዝኒ የፍሎሪዳ ስቱዲዮውን ዘጋ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሥራቸውን አጡ። በየስብሰባው አዳራሽ የተነበበው ፍርድ አንድ ነበር፦ ሕዝቡ ሥዕል ሰልችቶታል።

ይህ ፍርድ በጊዜውም ቢሆን አያስኬድም ነበር። «ትሬዠር ፕላኔት» በወደቀበት በዚያው 2002 ራሱ ዲዝኒ በእጅ የሠራው «ሊሎና ስቲች» በ80 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ከ270 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። ስቱዲዮው አንድ፣ መሣሪያው አንድ፣ ዓመቱ አንድ ነው፤ የተለያየው ታሪኩ ነው። «ሊሎና ስቲች» ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት እኅትማማቾች ቤታቸው እንዳይፈርስ የሚያደርጉትን ትግል ያሳያል፤ ተመልካቹም ልቡን ሰጠው። የኩባንያው ሹማምንት ግን ደካማ ታሪክ መምረጣቸውን ከማመን ይልቅ እርሳሱን መክሰስ ቀለላቸው። ፒክሳር ያሸነፈው በማሽኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ማሽን የገዛ ሁሉ ባሸነፈ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የወጡትን፣ ዛሬ ስማቸውን የሚያስታውስ የጠፋውን የኮምፒውተር ፊልሞች ክምር ማየት ይበቃል። የ«ቶይ ስቶሪ» አዘጋጅ ጆን ላሲተር ራሱ የሠለጠነው በእጅ በሚሣል አኒሜሽን እንደነበር ደግሞ መርሳት አይገባም። ዲዝኒ ፒክሳርን በ2006 ከገዛ በኋላ እርሳሱን ለመመለስ ሞክረው በ2009 «ልዕልቲቱና እንቁራሪቱ» እንዲሠራ ያደረጉት እርሱና የኮምፒውተር ሊቁ ኤድ ካትመል ናቸው። ሙከራው በ2011ዱ «ዊኒ ዘ ፑ» ተገታ።

ጃፓን ይህን ሁሉ እያየች በመንገዷ ቀጠለች። የሐያዎ ሚያዛኪ «ስፒሪትድ አዌይ» በ2003 የኦስካርን የረጅም አኒሜሽን ሽልማት ወሰደ። በመጋቢት 2024 ያው ሽልማት፣ ሚያዛኪ በ83 ዓመቱ፣ «ልጁና ሽመላው» በተሰኘውና በእጅ በተሣለው ፊልሙ ተመለሰለት። በሆሊውድም ቢሆን ኮምፒውተሩ ወደ እጅ ሥዕል ለልመና መመለሱ አልቀረም፤ በ2018 የወጣው የሸረሪት ሰው አኒሜሽን እንቅስቃሴውን ሆን ብሎ ሸካራ አድርጎ፣ የታተመ ሥዕል መልክ ሰጥቶ ነው የተወደደው።

እንግዲህ ሐዘኑ የአሜሪካ ሠዓሊዎች ሐዘን ነው፤ እውነትም ነው። በዚህ ክልል ግን ታሪኩ የተገላቢጦሽ ሄደ። ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኘው የዓረቡ ዓለም ትውልድ ያደገው በሰው አገር እርሳስ ነው። «ግሬንዳይዘር» በ1970ዎቹ መጨረሻ ቤሩት ውስጥ ወደ ዓረብኛ ተመለሰ፤ በ2000 ስርጭቱን የጀመረው ስፔስቱን ደግሞ በደማስቆ ድምፅ አስመሳዮች አማካይነት የጃፓንን ካርቱኖች በጥራዝ ዓረብኛ በየቤቱ አስገባ። ድምፁ የራስ፣ ሥዕሉ የሌላ ነበር። በ2002 የተጠናቀቀው «ሙሐመድ፦ የመጨረሻው ነቢይ» የተሰኘ በእጅ የተሣለ ፊልም እንኳ፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አካል ፈጽሞ ሳያሳይ የተሠራ ጥንቁቅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ አዘጋጁ ቀድሞ በዲዝኒ ቤት ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሪቻርድ ሪች ነበር። ለምን ቢባል፣ በመቶ የሚቆጠሩ የሠለጠኑ ሠዓሊዎችን ለዓመታት አስቀምጦ የሚቀልብ ስቱዲዮ በአካባቢው አልነበረምና።

ይህን በር የከፈተው ኮምፒውተሩ ነው። መሐመድ ሰዒድ ሓሪብ በአሜሪካ ተማሪ ሳለ የነደፋትን ኡሙ ሰዒድን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አድርጎ በ2006 ረመዳን «ፍሪጅ» ብሎ ሲያቀርብ፣ በርቀዕ የለበሱ አራት የዱባይ አሮጊቶች በኢሚራት አነጋገር ሲጨዋወቱ ክልሉ ከኢፍጣር በኋላ ቁጭ ብሎ ራሱን አየ። በማግስቱ ዓመት ረመዳን ማሌዢያ ውስጥ «ኡፒንና ኢፒን» የተባሉት መንትዮች የጾምን ትርጉም እየጠየቁ ብቅ አሉ፤ እነርሱም የኮምፒውተር ልጆች ናቸው። እርሳስ ብቻ ቢጠበቅ ኖሮ የሁለቱም ገና አይወለዱም ነበር። ስለዚህ በዱባይም ሆነ በጅዳ ማሽኑን እንደ ጠላት ማውገዝ ውለታ መርሳት ይሆናል።

ቅሬታው ሌላ ቦታ ነው። ቢላልን የሠራው የዱባዩ ባራጁን ስቱዲዮ ነው፤ ፊልሙ በብርሃን አጣጣሉ፣ በአሸዋው፣ በጨርቁ ከማንም አያንስም። ነገር ግን ቢላልን በሆሊውድ የጀግና ልክ ሰፍቶታል። «አዲስ ዓይነት ጀግና» የሚለው የእንግሊዝኛ ርዕሱም ይህንኑ ይናገራል። ሙስሊሙ ከልጅነቱ የሚያውቀው ቢላል ግን በጋለ አሸዋ ላይ ተንጋሎ፣ ደረቱ ላይ ቋጥኝ ተጭኖ፣ «አሐድ፣ አሐድ» ከማለት ያላቋረጠ ሰው ነው። ኃይሉ በትዕግሥቱና በድምፁ ውስጥ እንጂ በጡንቻው አልነበረም። ማሽኑ ጡንቻን፣ ሰይፍን፣ የፈረስ ግልቢያን አሳምሮ ያውቃል፤ ይህን ሁሉ ከሌሎች ፊልሞች ተምሮታልና። የትዕግሥትን ፊት ግን የሚያውቅ ሰው ሊሥልለት ይገባል። በ«ጉዞው» ውስጥ በአንጻሩ ካዕባን ለመከላከል የሚነሣው አውስ ተራ ሸክላ ሠሪ ነው፤ መስመሩ ሲቀጥንና ሲወፍር ፍርሃቱ ይታያል። ይህ ማለት የጃፓኑ ዘይቤ ለመካ የተሰፋ ልብስ ነው ማለት አይደለም፤ ዓይኖቹ የጃፓን ካርቱን ዓይኖች መሆናቸውን ሕፃን ልጅም ይለየዋል።

ነፍስ ያለውን ነገር መሣል በራሱ ዑለማዎች የተለያዩበት ጉዳይ መሆኑ የታወቀ ነው። ለሕፃናት ትምህርት የሚውለውን የፈቀዱት ሊቃውንት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በልጅነቷ ስትጫወትባቸው የነበሩትን አሻንጉሊቶችና ባለ ክንፉን ፈረስ የሚያነሣውን ሐዲስ ይጠቅሳሉ። የሚገርመው ሐዲሱ የሚናገረው ከጨርቅ ስለተሠራ፣ በእጅ ስለተበጀ መጫወቻ መሆኑ ነው። የልጅ እጅና የልጅ ምናብ የሚገናኙበት ነገር ነው።

አሳሳቢው ጉዳይ እንግዲህ ሥልጠናው ነው። አንድ ወጣት ሙያውን ከሶፍትዌር ከጀመረ፣ የሚያውቀው ሶፍትዌሩ የሚያቀርብለትን ፊት፣ ልብስና አካሄድ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ሰዎችን በገበያ፣ በመስጊድ በር፣ በአውቶቡስ ፌርማታ እያየ የነደፈ ወጣት ግን ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ የሚያዝዘው ነገር ይኖረዋል። ወጪው ወረቀትና ጊዜ ነው፤ ለአንድ የማሽን ፈቃድ ከሚከፈለው አይበልጥም። በክልሉ ለአኒሜሽን ገንዘብ የሚመድቡ ተቋማት ከዚህ ቢጀምሩ ይሻላቸዋል። ትናንት እርሳሱን ያስጣሉት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ራሳቸው ዛሬ በትእዛዝ ብቻ ምስል በሚፈበርክ ማሽን እየተገፉ መሆናቸውን ሲያዩም ነገሩ ይበልጥ ይገባቸዋል።

በሪያድ፣ በጅዳ ወይም በሻርጃ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ያሏቸው ልጆች ቢላልንም አብረሃንም ያዩት በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። የሐበሻ ሰው በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ምን እንደሚመስል የወሰኑት ሌሎች ናቸው። ገና ጥሩ ሠዓሊ የሚጠብቀው ደግሞ የነጃሺ ታሪክ ነው፦ ከሹዐይባ ወደብ በጀልባ የተነሡት ስደተኞች፣ በንጉሡ ፊት የመርየምን ምዕራፍ የቀራው ጃዕፈር፣ እንባው ጺሙን ያራሰው ንጉሥ። ለእርሱ የሚሆን ማስረጃ አለ። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች ንጉሡን በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል፣ አንዳንዴ ዘውድ ደፍቶ፣ አንዳንዴ ራሱን በጨርቅ ጠምጥሞ ያሳያሉ። ሐውልቶቹ ላይ የተፈለፈሉት በርና መስኮቶች የቤቱን አሠራር ይነግራሉ። ይህን ሁሉ ከድንጋዩና ከብረቱ ላይ በትዕግሥት ገልብጦ የሚነድፍ እጅ ቀድሞ ካልተገኘ፣ ማሽኑ ለነጃሺ የሚያቀርብለት ዙፋን ከአንዱ የሮማ ፊልም የተረፈውን ነው።