ቄሱ ከፊት ይሰለፍ?

«ሙጃ ተወልጄ አዲስ አበባ የምኖር ወጣት ነኝ። የላስታው ይምርሐነ ክርስቶስ ቄስም ንጉሥም እንደነበሩ እየሰማሁ አደግኩ። ‹ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ› በሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ከፊት ተሰልፎ የሚዋጋ ቄስ ፈጠርኩ። ቄስ የሆኑት አያቴ ሰምተው ‹ክህነት መጫወቻ ሆነ?› ብለው አኮረፉኝ። ልተወው?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ ጨዋታው። እኔም ነጥቤን ሁሉ ጉልበት ላይ አፍስሼ ጉድ ሆኛለሁ! እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው 5ኛ እትም፣ ባርከህ ውጊያ ስትገባ በተመታህ ቁጥር ዳይስ ትጥላለህ፤ ጽናትህ ካነሰ ቡራኬው ይፈርሳል። እናም ከጉልበት ቀጥሎ ጽናትን፣ ከዚያ ጥበብን አስብ። የጦርነቱን ዘርፍ ምረጥ፤ ከባድ ጥሩር ይፈቀድልሃል። ጋሻም አትርሳ።

ወደ አያትህ ስመጣ፣ ቅር ቢላቸው አይፈረድባቸውም። በቤተክርስቲያናችን ደም ያፈሰሰ ቄስ አይቀድስም። የጨዋታው ሰዎች ራሳቸው በድሮው ደንብ ስለት ከልክለውት ነበር፤ ዱላ ብቻ! አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የወደቁት ሰይፍ መዘው አይደለም። ከፊት መቆም ማለት የግድ መግደል አይደለማ!

ስለዚህ ጨዋታውን አትተው፤ ስሙን ግን ለውጥ። የሚያመልከው የተረት አማልክትን ነው፤ «ቄስ» አትበለው፣ «ክሌሪክ» በለው። ሥራውም ጓደኞቹን መከለል ይሁን። ከዚያ ሙጃ ውረድ፣ የአያትህን ጉልበት ሳም፣ ነገሩን ራስህ አስረዳ። ከሰው አፍ መስማታቸው ነው ይበልጥ ያስከፋቸው።

ሳምንት ያገናኘን።