ያገለገለ የመስክ መኪናን ዝቅ ስለ ማድረግ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ እንደ ዕድሜው እየከበደ የሚሄድ ታክስ ከጣለ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ ያለው ያገለገለ የመስክ መኪና ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ሀብት ሆኗል። ነጋዴው የገዛውን ለብዙ ዘመን ሊያኖረው ግድ ስለ ሆነ እንደ ፍላጎቱ ሊያስተካክለው ያስባል። ከሚታሰቡትም ማስተካከያዎች አንዱ፣ ሞላውን በአጭር ለውጦ ወይም የነበረውን ቆርጦ መኪናውን ወደ መሬት ማስጠጋት ነው።

ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም። የመኪናው ክብደት ተሰብስቦ እንደሚገኝ የሚቆጠርበት ነጥብ ከመሬት በራቀ ቁጥር መኪናው በጥምዝ ላይ ያዘነብላል፤ መገልበጥም ይቀርበዋል። ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ስፋት እኩሌታ ለነጥቡ ከፍታ በማካፈል ሲሆን፣ ውጤቱ ለቤት አውቶሞቢል ብዙውን ጊዜ ከ1.3 እስከ 1.5፣ ለመስክ መኪና ከ1.0 እስከ 1.3 ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር አስፋልት ላይ ብቻ የሚመላለስ ሰው መኪናውን በደኅና ሞላ ጥቂት ቢያወርድ የተሻለ አያያዝ ያገኛል፤ ይህን መካድ አይገባም።

የወገዳ ነጋዴ ግን መኪና የሚገዛው ለሽርሽር አይደለም። የጎማዎቹ ስፋት 150፣ የክብደቱ ነጥብ ከፍታ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና ለምሳሌ ይወሰድ። 75 ለ70 ሲካፈል 1.07 ነው። ሞላው በ3 ሳንቲ ሜትር ቢያጥር ነጥቡ ቢበዛ ወደ 67 ይወርዳል፤ ቁጥሩም 1.12 ይሆናል። ከዚያ በኋላ በፖርቶመጋላው ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ቢጫን ነጥቡ ወደ 73 ይወጣና ቁጥሩ ወደ 1.03 ይወድቃል። ገንዘብ ወጥቶበት የወረደው መኪና፣ ምንም ካልተነካውና ጣሪያው ባዶ ከሆነው መኪና የባሰ ሆነ ማለት ነው። ያንኑ ኩንታል ከወለሉ ላይ ማኖር ግን አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። በበቅሎ ይነግዱ የነበሩት አባቶች ጭነቱን በግራና በቀኝ አመዛዝነው፣ ዝቅ አድርገው ይጭኑ እንደ ነበር እዚህ ላይ ማስታወስ ነውር አይሆንም።

ከደብረ ታቦር በጉና ጎን አልፎ ወደ ነፋስ መውጫና ወደ ጨጨሆ የሚሄደው ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም፣ ወደ ስማዳ፣ ወደ ታች ጋይንትና ወደ እስቴ የገጠር ቀበሌዎች የሚገባው ጠጠርና አፈር ነው። በክረምት የካሚዮን ጎማ ሁለት ቦይ ይቆፍርና መካከሉን ጉብታ አድርጎ ይተወዋል። ዝቅ ያለ መኪና በዚህ ላይ ሲያልፍ ማርሚታው ይላጫል፤ የሞተሩ ዘይት መያዣ ከተቀደደ ደግሞ ዘይቱ ፈሶ ሞተሩ ይነክሳል። ከዚህም ሌላ፣ ያጠረ ሞላ የሚታጠፍበት ቦታ ጥቂት ስለ ሆነ፣ መኪናው ከነጭነቱ ጉድጓድ ሲገባ ከማቆሚያው ላስቲክ ጋር ይጋጫል፤ በዚያች ቅጽበት ጎማው መሬቱን በሚገባ አይዝም። ለአያያዝ ተብሎ የተደረገው ነገር አያያዝን ያጠፋል። በእሳት የተቆረጠ ሞላም የብረቱን ጥንካሬ ያጣል፤ ሲሰበርም ቁልቁለትና ሜዳ አይለይም።

ያገለገለ መኪና ይዋልላል ተብሎ የሚቀርበው አቤቱታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቁመቱ ሳይሆን ካለቀ አሞርዛተር፣ በየመገጣጠሚያው ከደረቀ ጎሚኒ፣ እርስ በርሱ ካልተመሳሰለ ጎማና ካልተለካ ነፋስ ነው። ነፋሱን ጎሚስታው በደቂቃዎች ያስተካክለዋል። የቀረውን መካኒክ ከሞላው በፊት ሊያየው ይገባል።

የመለዋወጫ አስመጪዎችም በብዙ ድካም የሚያገኙትን የውጭ ምንዛሪ ለአጭር ሞላ ከማዋል ይልቅ በአሞርዛተርና በጎሚኒ ላይ ቢያውሉት ለጋይንትና ለስማዳ ደንበኛ ይበልጥ ይጠቅማሉ። ባለ ሱቁም፣ ሞላ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ስለ መኪናው ዓይነት ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ኪሎ እንደሚጭንና በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ሳይጠይቅ ዕቃውን ከመደርደሪያው አያውርድ።