የመስተጋብር መረብ፦ እውነተኛ ለውጥ ወይስ የገበያ ግርግር?

እንደሚታወቀው እንቅስቃሴ ሁሉ ለውጥ አይደለም። ወፍጮ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል፤ ከቆመበት ቦታ ግን ፈቀቅ አይልም። አንድን ክስተት ለውጥ ነው ለማለት የሚያስደፍረን በሰዎች መካከል የነበረውን ግንኙነት ከነበረበት አንሥቶ ወደ ሌላ ደረጃ ያሸጋገረ እንደሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጉዳይም ከዚሁ መመዘኛ አንጻር መታየት ይኖርበታል።

በዛሬው ጊዜ በየቀበሌው ስብሰባ፣ በየእድሩ ድንኳንና በየሥራ ቦታው የሻይ ዕረፍት ላይ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ ማኅበራዊ ሚዲያ ተብሎ ስለሚጠራው የመስተጋብር መረብ ነው። አንደኛው ወገን «ከእንግዲህ አድማጭ ብቻ የሆነ ሰው የለም፤ ሁሉም ተናጋሪ ሆኗል፤ ዘመኑ ተለውጧል» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ወሬ በስልክ መጣ እንጂ ምን የተለወጠ ነገር አለ?» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች የነገሩን አንድ አንድ ገጽታ ብቻ ይዘው የሚከራከሩ በመሆናቸው ክርክሩ መቋጫ ሲያጣ ይታያል።

በመጀመሪያ የስያሜውን አመጣጥ መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2000 የኢንተርኔት ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ በአሜሪካ ገበያ ከተንኮታኮተ በኋላ ባለገንዘቦች በዘርፉ ላይ የነበራቸው እምነት ተናግቶ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ አሳታሚው ቲም ኦራይሊና ባልደረቦቹ «ዌብ 2.0» በሚል ርእስ ጉባኤ ጠሩ። መልእክቱም የቀድሞው መረብ የሚነበብ ብቻ ነበር፣ አዲሱ ግን ተጠቃሚው ራሱ የሚጽፍበትና የሚሳተፍበት ነው የሚል ነበር። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ዩቲዩብ በ2005፣ ትዊተር በ2006 ተከታትለው ብቅ አሉ። በዚያው በ2006 ታይም መጽሔት የዓመቱን ሰው «አንተ» ብሎ ሰየመ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1989 የመረቡን ሐሳብ ያፈለቀው ቲም በርነርስ ሊ በዚያው ዓመት ስለ ስያሜው ተጠይቆ ትርጉሙ የማይጨበጥ የባለሙያዎች ቋንቋ መሆኑን፣ መረቡም ከመነሻው ሰውን ከሰው ለማገናኘት የታሰበ እንደነበር ገልጿል።

ከዚህ የምንረዳው ስሙ ከገበያ የተወለደ መሆኑን ነው። ስሙ ከገበያ መወለዱ ግን ነገሩን ሐሰት አያደርገውም። የሁለትዮሽ መገናኛ ምኞት ከኩባንያዎቹ በፊት የነበረ ነው። ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት በርቶልት ብሬሽት እ.ኤ.አ. በ1932 ስለ ራዲዮ ባቀረበው ሐሳብ መሣሪያው አንዱ ተናግሮ ሌላው የሚያዳምጥበት ማከፋፈያ መሆኑን ነቅፎ፣ አድማጩም እንዲናገር የሚያስችል መገናኛ እንዲሆን ጠይቆ ነበር። ስለዚህ የኛ ጥያቄ፣ ይህ የቆየ ምኞት ዛሬ በተጨባጭ ተሟልቷልን? የሚለው ይሆናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቴሌፎን ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1894 በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን የመጀመሪያው መስመር አዲስ አበባንና ሐረርን የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ነበር። መስመሩ የተዘረጋው በዋነኛነት ለመንግሥት ሥራ ነበር። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ሲጀመርም ተጠቃሚዎቹ ጥቂት መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ነበሩ። ዛሬ ሁኔታው ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥር ከ78 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር በዚሁ ጊዜ ከ47 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች አስመዝግቧል። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት በመጀመሩ በገበያው ሁለተኛ አቅራቢ ተገኝቷል። ይህ የመጠን ለውጥ መሆኑ አያጠያይቅም።

የመጠን ለውጡ ወደ ዓይነት ለውጥ መሸጋገር መጀመሩን የሚያመለክቱ ማስረጃዎችም አሉ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ሳይከፈት ቆይቷል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል። ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርድ የነበረው መልእክት ከጎን ወደ ጎን መጓዝ ባይጀምር ኖሮ እነዚህ ክስተቶች ባልተፈጠሩም ነበር። ኃይል የሌለውን ነገር ለመዝጋት የሚደክም ማንም የለም።

የአንድን ነገር እውነተኛ ክብደት ግን ከመኖሩ ይልቅ መጥፋቱ አጥርቶ ያሳያል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ወቅት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ ለረጅም ወራት ቆይቷል። እንጅባራና ዳንግላም የዚሁ ክልል ከተሞች ናቸው። እንዲህ ባለው ጊዜ የትኛው አገልግሎት እንደሚቆምና የትኛው እንደሚቀጥል ማስተዋል ትምህርት ይሰጣል። ገንዘብ በ*127# ማስተላለፍ ኢንተርኔት አይጠይቅም። አርሶ አደሩ ለግብርና ምክር የሚደውልበት 8028 የሚሠራውም በተራ የስልክ ጥሪ ነው። በአንጻሩ ሥራ ፈላጊው ተመራቂ ማመልከቻውን የሚሞላበት፣ ተማሪው መጽሐፍ የሚያወርድበት፣ ባሕር ማዶ ልጅ ያላት እናት የልጇን ፊት የምታይበት መንገድ ከኢንተርኔቱ ጋር አብሮ ይዘጋል። ወሬ ግን መረብ አይጠይቅም፤ በአውቶቡስም በእግርም ይጓዛል። የሚቋረጠው ወሬውን የማጣራት አቅም ነው። እንግዲህ መቋረጡ ይህን ያህል የሚጎዳ ነገር ባዶ ግርግር ነው ሊባል አይችልም።

ይሁንና መስተጋብር የመሣሪያው ስጦታ ብቻ ነው ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው። በአዊ የፋግታ ለኮማን ወረዳ ልብ ይሏል። ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት በአካባቢው የተስፋፋው አንዱ አርሶ አደር የሌላውን ማሳ አይቶ፣ ጠይቆ፣ ሞክሮ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይዘራል፤ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል ሣር ያጭዳል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ መሬቱንም መልሶ ያርሳል። ይህ ዕውቀት የተሠራጨው በገበያ ቀን፣ በደቦና በለቅሶ ቤት ነው። ኋላ ላይ ዛፉን ዋግ መሰል በሽታ ሲያጠቃው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ተገለጠ። የታመመውን ቅጠል በስልክ አንሥቶ መላክ ቀላል ነው። ምስሉ መፍትሔ የሚሆነው ግን በሌላው ጫፍ ተቀብሎ የሚመረምርና የሚመልስ ባለሙያ ሲኖር ነው። መላሽ የሌለው ጥያቄ በመረብም ተላከ በወረቀት ያው ጩኸት ነው።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በዚህ ረገድ አብነት ይሆነናል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በየጊዜው በበዓሉ ላይ የተቀረጹ ምስሎች በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጭተው አዊን ረግጦት ለማያውቅ ሰው ጭምር ታይተዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ማኅበሩን ይህን ያህል ዘመን ያቆመው ተመልካቹ አይደለም፤ አባሉ ነው። በአባልና መረቡ «ተከታይ» በሚለው ሰው መካከል ያለውን ልዩነት ነጥሎ ማየት ያስፈልጋል። አባል በስሙ ይታወቃል፣ መዋጮ ያወጣል፣ ሲያጠፋ ይገሠጻል፣ ሲቸግረው ይደረስለታል። ተከታይ ግን ይቈጠራል እንጂ አይታወቅም። አሥር ሺህ ተከታይ ያለው ሰው በኀዘኑ ቀን ድንኳን የሚተክሉለት የእድሩ አባላት ናቸው።

ከሁሉም በላይ ወሳኙ ጥያቄ የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ተጠቃሚው ይጽፋል፣ ፎቶ ይለጥፋል፣ ይከራከራል። ሜዳው ግን የርሱ አይደለም። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ያገኘው ገቢ ከ130 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን ገቢው ከሞላ ጎደል ከማስታወቂያ የመጣ ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚከፍለው የሰውን ዓይን ለማግኘት ነው። ስለዚህ ኩባንያው ዓይንን የሚይዘውን ሁሉ ያስቀድማል፤ ዓይንን ፈጥኖ የሚይዘው ደግሞ ቁጣና ፍርሃት ነው። ሠራተኛው በፋብሪካ በር ሲገባ ለሥራው ደመወዝ እንደሚከፈለው ያውቃል። በመረቡ ግን ያለ ደመወዝ ያመርታል፤ እግረ መንገዱንም የገዛ ትኩረቱ ለገበያ ይቀርባል።

ይህ አሠራር በምድራችን ላይ ያስከተለውን መዘዝ ሩቅ ሄደን መፈለግ አያሻንም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መአረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ተገደሉ። ልጃቸውና ሌሎች ከሳሾች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ፍርድ ቤት በሜታ ላይ በመሠረቱት ክስ፣ ከግድያው በፊት ፕሮፌሰሩን ዒላማ ያደረጉ ጽሑፎች በፌስቡክ መሠራጨታቸውን፣ ይህም ተጠቁሞ በወቅቱ አለመነሣታቸውን አመልክተዋል። ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን እ.ኤ.አ. በ2021 በሰጡት ምስክርነት፣ በኢትዮጵያ ኩባንያው ለደኅንነት ቁጥጥር የሚደግፋቸው ቋንቋዎች ሁለት ብቻ መሆናቸውን ተናግረዋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከተካተተ ወዲህ በአማርኛም ሆነ በአውጚ በስልክ መጻፍ ተችሏል። ማተሚያ ቤት በቅጡ ላልደረሰለት ቋንቋ ይህ እውነተኛ እርምጃ ነው። ሆኖም ጽሑፉ የሚሠራጭበትን ቋንቋ የሚያነብ ተቈጣጣሪ ከሌለ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ስድብና ዛቻ ያለ ከልካይ ይፈስሳል።

ለዚህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቈጣጠር የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ በሚፈጸም ጥፋት ላይ ቅጣቱን ያከብዳል፤ የአገልግሎቱ ሰጪዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዛል። ሕግ መኖሩ ተገቢ ነው። ግን ሕግ በአፈጻጸሙ ይለካል። የዞን 9 ጦማርያን በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ታስረው፣ ገሚሶቹ በሐምሌ 2007፣ የቀሩት በጥቅምት 2008 መፈታታቸው የሚያስገነዝበን፣ መሣሪያው ሁሉንም ተናጋሪ ማድረጉ ተናጋሪውን ከመታሰር የማያድን መሆኑን ነው። መረቡን በጅምላ መዝጋትም ሌባ ገባ ብሎ ገበያውን ሁሉ እንደ መበተን ነው፤ ሌባው በሌላ መንገድ ያመልጣል፣ የሚጎዳው ሽንኩርቷን ዘርግታ የተቀመጠችው ነች።

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት አንድ መደምደሚያ ላይ እንደርሳለን። የመስተጋብር መረብ በመሣሪያነቱ እውነተኛ ለውጥ ነው። በሰዎች መካከል ያለውን ግንኙነት ግን በራሱ አይለውጥም። ግንኙነቱን የሚለውጡት መሣሪያውን ይዘው የተደራጁ ሰዎች ናቸው። ግርግሩ ያለው መሣሪያውን በግንኙነቱ ቦታ አስቀምጦ «ሥራው ተሠርቷል» በሚለው ስብከት ውስጥ ነው።

ስለዚህ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ወይም በሌላ ከተማ የሚገኝ የቀበሌ ነዋሪዎች ማኅበር፣ የሠራተኛ ማኅበር ወይም እድር «እኛም ገጽ ከፍተናል» ከማለቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ለራሱ ሊያቀርብ ይገባል። ማን ይናገራል? ማን ይመልሳል? ማን ይቈጣጠራል? ኃላፊው ብቻ የሚለጥፍበት የቴሌግራም ቻናል በስልክ ላይ የተቸነከረ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ መስተጋብር የሚያሰኘው አንዳች ነገር የለውም። አባላት የሚጠይቁበት፣ ጥያቄው በታወቀ ቀን ውስጥ የሚመለስበት፣ የገቢና የወጪው ሒሳብ ለሁሉም የሚታይበት ከሆነ ግን ስብሰባውን የሚያጠናክር ክንድ ይሆናል።

ከዚህም ጋር ዘመናዊ ስልክ የሌላቸውን አባላት መዘንጋት አይገባም። በመረቡ የተላለፈው ጥሪ በሰሌዳም ካልተለጠፈ፣ በቃልም ካልተነገረ፣ አዛውንቱና የቀን ሠራተኛው ሳያውቁት ከገዛ ማኅበራቸው ይገለላሉ። ተሳትፎን አሰፋሁ የሚል መሣሪያ በዚህ መንገድ ተሳትፎን ያጠብባል። የሚያስቈጣ መልእክት ሲደርሰንም ወደ ሌላው ከማስተላለፋችን በፊት ነገሩ ተፈጸመ ወደተባለበት ቦታ ለምናውቀው ሰው ደውለን መጠየቅ ልማዳችን ሊሆን ይገባል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያድነው ግን የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

አባቶቻችን «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ የነበረው የእረኛው ድምፅ ከሌላው ስለሚበልጥ አልነበረም፤ የሕዝቡ ስሜት በርሱ አንደበት ስለሚገለጥ ነበር። ዛሬ እረኛው ስልክ ይዟል። ጠያቂውና መላሹ ካልተገኙ ግን በስልክ የተናገረው ቃል በሜዳ ከዘፈነው የበለጠ አያደርሰውም። ጠያቂውም መላሹም በየማኅበራችን ያለነው እኛው ነን።