አይቆጠርም የተባለው ግጥሚያ

ከሚሴ፣ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ወዳጄ «የኢትዮጵያ ኳስ ከውጭ ሰው ጋር የተጋጠመው በ1940 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ ጋር ነው፤ የቀድሞው አይቆጠርም» ሲል ሞገተኝ።

ለምን አይቆጠርም? በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የእኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ለሻምፒዮና ተሰለፉ። ፋሺስት ከከተማይቱ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ! ዋንጫውን እንግሊዞች ወሰዱ፤ ይውሰዱ። የሚቆረቁረኝ፣ ትናንት በጠመንጃ የተፋጠጡ ወገኖች በአንድ ፊሽካ ሥር የተገናኙበትን ቀን «የክለብ ውድድር» ብሎ ማለፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1946 የተደረጉትን የራግቢ «የድል ግጥሚያዎች» የብሪታንያ ማኅበራት ለተጫዋቾቻቸው አልቆጠሩም፤ ፈረንሳይ ግን ለልጆቿ ቆጠረች። ጨዋታው ያው፣ መዝገቡ ሁለት!

«ጊዮርጊስ ክለብ እንጂ ብሔራዊ ቡድን አልነበረማ» አለኝ ወዳጄ። አልነበረም። ታዲያ በዚያ ሜዳ ለኢትዮጵያ የቆመው ማን ነበር?