ነቢይ አትበሏት!

ሰሞኑን በዶርማችን አንድ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ፎቶ ኮፒው ደብዝዟል፣ ጠርዙ ተበልቷል፤ ሆኖም ወረፋ አለው። የጥቁር አሜሪካዊቷ የኦክታቪያ በትለር «የዘሪው ምሳሌ» ነው። የታተመው በ1993 ሲሆን (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ታሪኩ የሚጀምረው በጁላይ 2024 ነው። ውሃ ከቤንዚን ይበልጥ ተወዷል፤ ሥራ ጠፍቷል፤ እሳት በየቦታው ይነሳል፤ ትንሽ ያለው ሰው በግንብ ታጥሮ «ከራስ በላይ ነፋስ» እያለ ይኖራል። ያነበበ ሁሉ ታዲያ አንድ ቃል ይደጋግማል፦ «ይቺ ሴትዮ ነቢይ ናት!»

እኛ አይደለችም እንላለን። እንዲያውም ነቢይ ብሎ ማሞገስ የጻፈችውን ላለመስማት የተገኘ ጥሩ ዘዴ ነው ባዮች ነን።

እስቲ ማስረጃውን እንመርምር። በ1998 በወጣው ተከታዩ መጽሐፍ፣ «የመክሊቱ ምሳሌ» ውስጥ፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር አንድ ሰው አሜሪካን እንደገና ታላቅ እናድርጋት እያለ ይሰብካል። «ይኸው፣ የ2016ቱን ምርጫ ቀድማ አየችው!» ይሉናል። ሮናልድ ሬገን በ1980 ይህንኑ መፈክር ይዞ መወዳደሩንስ ማን ያስታውስ? በትለር የጻፈችው የሰማችውን ነው። በልብወለዱ ውስጥ ኩባንያ ሠራተኛውን በዕዳ ተብትቦ ልጆቹን ሲወስድበት እናነባለን። ይኼም ትንቢት አይደለም። ባርነት በ1865 በሕግ ከተሻረ በኋላ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ስንቱ ጥቁር ገበሬ ከባለመሬቱ በዱቤ እየወሰደ፣ አዝመራው ሲገባ ዕዳው ሳያልቅ፣ ከዓመት ዓመት እዚያው ታስሮ ኖሯል! ልጅን ከእናቱ ነጥሎ መሸጥማ ከዚያ በፊት ተራ የገበያ ሥራ ነበር። በእግር ወደ ሰሜን መሸሽስ? ሃሪየት ተብማን በ1849 ከሜሪላንድ ባርነት ያመለጠችው ወደ ሰሜን ነው። የበትለር ወጣት ሎረን ኦላሚናም ሰፈሯ ሲቃጠል ወንድ መስላ የተጓዘችው ወደዚያው ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። «ዲስቶፒያ» የሚሉት የጥፋት ዘመን ልብወለድ በጥቁር ሴቶች ሲጻፍ ዛሬ አንባቢን የሚይዘው መጪውን ስለሚያውቅ ሳይሆን ያለፈውን ስላልረሳ ነው። ለብዙ ደራሲ የዓለም ፍጻሜ ገና የሚመጣ ነገር ነው። ለተሸጠ ሕዝብ ልጅ ግን ዓለም አንዴ አልቋል፤ የቀረው ጥያቄ ከዚያ ወዲያ እንዴት ይኖራል የሚለው ነው።

ልዩነቱን ለማየት የኦርዌልን «1984» አጠገቡ አስቀምጡት። ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ ክርክር የለንም። ዊንስተን ግን በመጨረሻ ብቻውን ተሰብሮ ይቀራል፤ እኛም መጽሐፉን ዘግተን ደንግጠን እንቀመጣለን። ሎረን አስቀድማ የስንቅ ከረጢት ታዘጋጃለች፤ የሚበላውን ቅጠል ከማይበላው ለይታ ታጠናለች፤ በመንገድ ላይ ሰው ትሰበስባለች፤ ከዕዳ ባርነት ያመለጠችውን፣ ልጆቿን የተነጠቀችውን እናት ሳይቀር። ኤን. ኬ. ጀሚሲንም በ2015 ባወጣችው «አምስተኛው ወቅት» ምድርን ከመንቀጥቀጥ የሚያድኑ ሰዎች ራሳቸው እንደ ከብት የሚነዱበትን ዓለም በአንዲት ልጇን ባጣች እናት በኩል ታሳየናለች። ተራኪዎቹ ከግንቡ ውጭ ያሉት ናቸው፤ ትዕዛዙም ሸክሙም የሚያርፍባቸው።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እንመልስለት። በትለር ገና ተማሪ ሳለች አንድ ጓደኛዋ አሮጌው ትውልድ አንገቱን ደፍቶ ስለኖረ ወደኋላ ጎተተን ብሎ ሲቆጣ ሰማች። የእሷ እናት የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ በጓሮ በር ስትገባ ልጅቱ እያየች ነው ያደገችው። መልሷን በ1979 «ኪንድረድ» ብላ አወጣችው፤ ሥጋ ዘመድ እንደ ማለት ነው። በ1976 የምትኖር ዘመናዊ ጥቁር ሴት ተስባ ወደ ባርነት ዘመን ትገባለች፤ አንገት ደፍቶ በሕይወት ማደር ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ እዚያ ትማራለች። ወገኖች፣ እኛም ተማሪዎች ነን። ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ የእናት የአባታችንን ዝምታ «ፍርሃት» ብለን የፈረድን ስንቶች ነን?

በትለር በ2006 ካረፈች ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ «የዘሪው ምሳሌ» ከኒው ዮርክ ታይምስ የብዙ ሽያጭ መጻሕፍት ዝርዝር ገባ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የተቀበረችባት አልታዲና በሰደድ እሳት ነደደች፤ «ትንቢቱ ደረሰ!» ተባለ። እሷ ግን በ2000 በጻፈችው አንድ መጣጥፍ ምሥጢሩን ገልጻው ነበር፤ ያደረገችው ችላ የተባሉትን ችግሮች አይቶ ሠላሳ ዓመት ያህል እንዲያድጉ መተው ብቻ ነው።

ትንቢት ከሆነ መድረሱ አይቀርም፤ ማንም አይጠየቅበትም። እጃችንን አጣጥፈን ማድነቅ ነው። ማስጠንቀቂያ ከሆነ ግን ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ይጠየቃል። ነቢይ የሚለው ውዳሴ የሚጣፍጠን ለዚህ ነው፤ ከተጠያቂነት ያስመልጠናል።

ስለዚህ ፎቶ ኮፒው ወረፋው ሲደርሳችሁ «የትኛው ደረሰ?» እያላችሁ ምልክት አታድርጉበት። ዛሬ ዓይናችን እያየ ችላ ያልነው የትኛው ነው፣ ሸክሙስ አስቀድሞ በማን ጀርባ ላይ አርፏል ብላችሁ ጠይቁ። ተሳስታችኋል የሚለን ካለ ብዕሩን ያንሳ፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ አለው።